ቅባቱ ለምን አልሠራም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፣ አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችን፣ ማለት ቀኑን ሙሉ እሳት ዳር ቆማ ነው የምትውለው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሁለቱም እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ ጠቆረ፣ ያሳክካታል፣ ይላጣል፣ ማታ ማታ ያብጥና ጠዋት ይጎድላል። ኢንፌክሽን ነው ተብላ አንቲባዮቲክ ደጋግማ ዋጠች፣ ቅባቱንም ተቀባች፣ ምንም ለውጥ የለም። ጎረቤት ደግሞ ዝሆኔ ነው አለቻት፣ ይሄን ከሰማች ወዲህ ቤተክርስቲያን ስትሄድ እንኳ እግሯን ሸፋፍና ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሳይታይ በሽታው ይሄ ነው አይባልም፣ ግን ማታ ያብጣል ጠዋት ይጎድላል ያልሽው ነገር ብዙ ይናገራል። የእግር ደም መላሽ ስሮች ውስጥ ደሙን ወደ ላይ ብቻ የሚያሳልፉ ቫልቮች አሉ፣ እነሱ ሲላሉ ደሙ ወደ ታች ይመለስና እግር ላይ ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ሲበዛ ውሃው ወደ ቆዳ ይሰርጋል ቀይ የደም ሴልም አብሮ ይወጣል፣ ያ ጥቁረት እንግዲህ ከሴሉ የቀረው ብረት ነው። ከዛ ቆዳው ይቆጣል። ለዚህ ነው ከላይ ቅባት ብቻ ቢለቀለቅ የማይቆመው። አንቲባዮቲኩም ቢሆን፣ የቆዳ ኢንፌክሽን ሁለት እግር ላይ እኩል ሲወጣ ብዙ አያጋጥምም፣ ይሄን የደም መላሽ ስር ችግር ከኢንፌክሽን ጋር ማምታታት ግን በጣም የተለመደ ነው።

ዝሆኔው ደሞ፣ በኛ ደጋ ያለው በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመሄድ የሚመጣው ነው፣ እሱ ከታች ከጣትና ከውስጥ እግር ጀምሮ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ጣቶቿ ደህና ከሆኑ እሱ አይመስልም። ቢሆንስ ደሞ? አይተላለፍም፣ በእጥበትና በጫማ የሚያዝ በሽታ ነው፣ ጎረቤትሽ ምላሷን ብትሰበስብ ጥሩ ነበር።

ዋናው ሕክምና እግሩን ጠበቅ አርጎ መያዝ ነው፣ እስከ ጉልበት ስር የሚደርስ አጥባቂ ስቶኪንግ አለ። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም የእግሯን የደም ስር ትርታ ይይላት፣ በተለይ ስኳር ካለባት ወይ ስትሄድ ባቷን ጨምድዶ የሚይዛት ከሆነ፣ ምክንያቱም ወደ እግሯ የሚወርደው ደም ራሱ ካነሰ ማጥበቁ ይጎዳታል። ደህና ናት ከተባለ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ ታጥልቀው፣ ማታ ስትተኛ ታውልቀው። ካጣችሁ የሚለጠጥ ፋሻም ይሆናል፣ ከጣቶቿ ስር ተጀምሮ ታች ጠበቅ ላይ ላላ እያለ ይጠቀለላል፣ ተገላቢጦሽ ከሆነ እብጠቱን ያብሰዋልና አንዴ ነርስ ታሳያችሁ።

አረቄው ተንጠባጥቦ እስኪሞላ ቆማ አትጠብቅ። ዱካ ላይ ቁጭ ብትልም እግሯ ወደ ታች ከሆነ ለውጥ የለውም፣ መደቡ ላይ ጋደም ብላ እግሯን ትራስ ላይ ከልቧ ከፍ ታርገው፣ በቀን 3 ወይ 4 ጊዜ፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ። መቆም ግድ ሲሆንባትም ተረከዟን ከፍ ዝቅ ታርግ፣ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው። ከእሳቱም ራቅ ትበል።

ለቆዳው ለብ ያለ ውሃ፣ ሽታ የሌለው ሳሙና፣ ከዛ ሳይደርቅ ቫዝሊን። ማሳከኩ ከባሰ ሐኪም ያዘዘው ስቴሮይድ ቅባት ለ1 ወይ 2 ሳምንት፣ ዝም ብሎ ሲቀጠል ቆዳ ያሳሳል። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጦ መለጠፍ ግን ኧረ በጭራሽ፣ ያቆስላታል! ቁስል ከወጣ ወይ ትኩሳት ከመጣ ቶሎ ትታይ፣ አንዱ እግር ብቻ ድንገት አብጦ ካመማት ወይ ትንፋሽ ካጠራት ደሞ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና በዛው ቀን ሆስፒታል።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። ለደም ግፊት አምሎዲፒን ከጀመርኩ ወዲህ እግሬ ያብጣል፣ ላቁመው?

መልስ፦ በራስህ እንዳታቆም ወንድሜ፣ ግፊቱ ድምፅ ሳያሰማ ይወጣብሃል። እብጠቱ የመድኃኒቱ የታወቀ ባህሪ ነው፣ መጠኑ ሲጨምር ይብሳል፣ የቆላው ሙቀትም ያግዘዋል። ለሐኪምህ ንገረው፣ መጠኑን ይቀንስልሃል ወይ ሌላ ይቀይርልሃል፣ ልብና ኩላሊትህንም በዛው ያይልሃል።