የብዙኃን መገናኛን በባህል በኩል ማየት፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ብዙኃን መገናኛ ባህላዊ ጥናት ከአባላት የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። የሚቀራረቡትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ይህ አቀራረብ ከተለመደው የተግባቦት ትምህርት በምን ይለያል?

መልስ፦ የተለመደው ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚነሣው አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ሃሮልድ ላስዌል እ.ኤ.አ. በ1948 ካቀረበው ቀመር ነው፦ ማን፣ ምን፣ በየትኛው መንገድ፣ ለማን፣ በምን ውጤት ተናገረ? በዚህ ቀመር ተግባቦት ማለት መልእክትን ማድረስ ነው፤ አጥኚውም የሚለካው መልእክቱ በተቀባዩ ላይ ያመጣውን ለውጥ ነው። አሜሪካዊው የተግባቦት ምሁር ጄምስ ኬሪ በ1975 ባወጣው ጽሑፍ ይህን የማስተላለፍ እይታ ብሎ ከሰየመው በኋላ፣ ከጎኑ ሥርዓታዊ እይታ የሚለውን፣ ማለትም ተግባቦትን ሰዎች እንደ አምልኮ ሥርዓት በአንድነት የሚካፈሉት ነገር አድርጎ የሚያየውን አቆመ። እንደ ኬሪ ከሆነ ጋዜጣ ማንበብ ቅዳሴ ላይ ከመገኘት ጋር ይመሳሰላል፤ አስቀዳሹ ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን ነገር ፍለጋ ባይሄድም፣ ዓለም እንዴት እንደተሰናዳችና እርሱ ከማን ወገን እንደሆነ እዚያ ይጸናለታል። ኬሪ መረጃ መተላለፉን አልካደም፤ መተላለፉ ብቻውን ሰዎች በየቀኑ ወደ ዜና የሚመለሱበትን ምክንያት አያስረዳም ማለቱ ነው።

ጥያቄ፦ በሙያዬ ጋዜጠኛ ነኝ። ሐሳቡ ለኢትዮጵያ ከውጭ የተዋሰ ልብስ አይሆንብንም?

መልስ፦ እንዲያውም የሚስማማ ይመስለኛል። አዋጅ በገበያ መካከል ነጋሪት እየተጎሰመ ሲነገር፣ ቃሉ ከመሰማቱ አስቀድሞ የነጋሪቱ ድምፅ ራሱ የሚናገረው ማን እንደሆነና የሚሰበሰበው ሕዝብ በማን ሥር እንዳለ ያስታውቅ ነበር። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚለው የአዋጅ ነጋሪ ቃልም ሰሚውን ተቀባይ ብቻ አድርጎ አይተወውም፤ ወዲያው የአዋጁ ተሸካሚ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1942 መንግሥት ሕግ የሚያትምበትን ጋዜጣ ሲያቋቁም «ነጋሪት ጋዜጣ» ብሎ መጥራቱ፣ አዲሱ ኅትመት የአሮጌውን ሥርዓት ክብር እንዲወርስ መፈለጉን ያሳያል። ይህን በማስተላለፍ እይታ ብቻ ብንመረምረው የምናገኘው ስንት ቅጂ ታትሞ የት እንደደረሰ ነው።

ጥያቄ፦ ባህል ባህል ሲባል ቴክኖሎጂው አይረሳም?

መልስ፦ ኬሪ ራሱ ስለ ቴሌግራፍ በሰፊው ጽፏል። ከቴሌግራፍ በፊት ዜና ከሰውና ከፈረስ፣ ከመርከብና ከባቡር ቀድሞ ብዙ ርቀት ሊጓዝ አይችልም ነበር፤ ከ1844 ወዲህ መልእክት ከመጓጓዣ ተላቀቀ። በየከተማው የተለያየ የነበረው የእህል ዋጋ መቀራረቡንና የአሜሪካ የባቡር ኩባንያዎች በ1883 የጊዜ ቀጠናዎችን መደንገጋቸውን ኬሪ ከዚሁ ጋር ያያይዛቸዋል። እንግዲህ ቴክኖሎጂው የሚጠናው ሰዎች ስለ ጊዜና ስለ ቦታ ያላቸውን አሳብ ሲለውጥ ነው።

ጥያቄ፦ ተመልካቹ ባህሉን ይዞ እንደሚመለከት በተግባር ያሳየ ጥናት አለ?

መልስ፦ አለ፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማስተምረው የተግባቦት ተመራማሪዎቹ ታማር ሊብስና ኤሊሁ ካትዝ በ1980ዎቹ ያካሄዱትን ነው። የቴክሳስ የነዳጅ ባለጸጋ ቤተሰብን ታሪክ የሚተርከውን «ዳላስ» የተባለ ተከታታይ ድራማ፣ በእስራኤል ለአረብ ዜጎች፣ ከሞሮኮ ለመጡ አይሁዶች፣ ከሶቭየት ኅብረት በቅርቡ ለገቡ ስደተኞችና ለኪቡጽ (የጋራ እርሻ መንደር) አባላት፣ በሎስ አንጀለስ ደግሞ ለአሜሪካውያን፣ በትንንሽ ቡድን አሳይተው ያዩትን መልሰው እንዲተርኩ ጠየቁ። አረቦቹና ሞሮኳውያኑ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ተረኩ፤ አሜሪካውያኑና የኪቡጽ ሰዎች የገጸ ባሕርያቱን ጠባይ አስቀደሙ፤ ከሶቭየት የመጡት ግን ታሪኩን ወደ ጎን ብለው፣ አዘጋጆቹ ሊያሳምኑን የፈለጉት ምንድን ነው ብለው መረመሩ። በፕሮፓጋንዳ መካከል ላደገ ሰው ይህ የሚያስገርም አይደለም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፦ በድራማው ሚስትየዋ ልጇን ይዛ ከባሏ ሸሽታ ወደ ቀድሞ ወዳጇ አባት ቤት ስትሄድ፣ ከአረብ ቡድኖች አንዱ ወደ ገዛ አባቷ ቤት እንደተመለሰች አድርጎ ተረከው። የተከፋች ሚስት የምትገባበት ቤት በእነርሱ ዘንድ የታወቀ ነውና፣ ድራማውን ሳያውቁት አረሙት።

ጥያቄ፦ የብሪታንያ የባህል ጥናት ምሁሩ ስቱዋርት ሆል የሚለው ተቃዋሚ ንባብ ከእኛ ሰምና ወርቅ ጋር አንድ ነውን?

መልስ፦ አይመስለኝም። በቅኔ ሰሙንም ወርቁንም ያኖረው ባለቅኔው ነው፤ ሰሚው የሚመሰገነው የተቀበረውን በማግኘቱ ነው። ሆል በ1973 ባቀረበው ጽሑፍ ግን ተመልካቹ አዘጋጁ ያሰበውን ትርጉም እንዳለ ሊቀበል፣ ከፊሉን ተቀብሎ ከራሱ ኑሮ ጋር ሊያስማማ ወይም አዘጋጁ ያላሰበውን ተቃራኒ ትርጉም ሊሰጠው ይችላል፤ ተቃዋሚ ንባብ የሚባለው ይህ የመጨረሻው ነው። የሚቀራረቡት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ሰሚውን ሠራተኛ ያደርጉታል።

ጥያቄ፦ ሁሉም እንደፈቀደ ከተረጎመ፣ የጣቢያ ባለቤት ማንም ቢሆን ምን ይጎዳናል?

መልስ፦ ይህ መደምደሚያ ከሆል አይወጣም፤ ለእርሱ መልእክቱ ሲዘጋጅ የተመረጠ ትርጉም ይዞ ይመጣል፤ የመተርጎም ነጻነትም ወሰን አለው። የኃይል ጥያቄ፣ ማለትም ትርጉምን የመወሰን ሥልጣን የማን ነው የሚለው፣ በኬሪ ዘንድ ሳስቶ የሚገኝ በመሆኑ፣ እኔ ኬሪንና ሆልን አንድ ላይ ማንበብን እመርጣለሁ። የብሪታንያው ተመራማሪ ዴቪድ ሞርሊ የሆልን አሳብ ለመፈተን «ኔሽንዋይድ» የተባለውን የቢቢሲ የወቅታዊ ጉዳዮች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ለ29 ቡድኖች ያሳየበት፣ በ1980 የታተመ ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅማል። የባንክ ሥራ አስኪያጆችና ሙያ ተለማማጅ ወጣቶች በመደብ ሳይገናኙ የፕሮግራሙን ትርጉም በአመዛኙ ተቀበሉ፤ የሠራተኛ ማኅበር ተወካዮች ተቃወሙት። ጥቁር ተማሪዎች ግን አልተቀበሉትም፣ አልተከራከሩትምም፤ ፕሮግራሙ «እኛ» ሲል እነርሱን ስለማያካትት፣ የሚናገሩበት ጉዳይ ሆኖ አላገኙትም።