መልስ፦ ከር ቦገትን ለምን ቀየረው?

«የካቫሊየርሱ ረጅም ሞዝጎቭ 28 ነጥብ እያስቆጠረ የዋሪየርስ አሰልጣኝ ከር ረጅሙን ቦገትን ለምን ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠው?» ላልከው፦ ፍጥነት ፈልጎ ነው።

በ2015ቱ የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ፍጻሜ ዋሪየርስ በጨዋታ 2 ለ 1 እየተመሩ ነበር። ካቫሊየርስ ጨዋታውን አቀዝቅዘውባቸዋል። በ4ኛው ጨዋታ ኢጉዳላ በቦገት ፋንታ ቋሚ ሆኖ ገባ፣ ግሪን የሴንተሩን (ቅርጫት ስር የሚጫወተውን ረጅም ተጫዋች) ቦታ ያዘ። አምስቱም ሯጭ፣ አምስቱም አቀባይ ሆኑ። ሞዝጎቭ ከቅርጫቱ ርቆ መከላከል ግድ ሆነበት። 28ቱን አስቆጠረ፣ ቡድኑ ግን 103 ለ 82 ተሸነፈ። በ5ኛው ጨዋታማ የካቫሊየርስ አሰልጣኝ ብላት ራሱ ብዙም አላሰለፈውም!

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ጨዋታውን ደግመህ ስታይ ነጥብ አትቁጠር፤ እኔ ነገሩ የገባኝ ኳሷን ትቼ የሞዝጎቭን እግር ስከተል ነው። ደግሞ ይህን አሰላለፍ ለሰፈር ቡድን እንዳትሞክረው፤ ግሪንን የመሰለ ተከላካይ ከሌለህ ቅርጫት ስር ጉድ ትሆናለህ።