ልጁ ከዛፎቹ መካከል ለምን አይለይም?

አንድ አንባቢ የሚሠሩት ጌም ውስጥ ያለው የሌሊት ደን ጥልቀት አጥቶ እንደ ግድግዳ እንደሆነባቸው፣ ሰማያዊ ልብስ የለበሰው ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ልጁ፣ ከዛፎቹ እንደማይለይ ጽፈውልኛል። ዙሪያውን ጥቁር መስመር አስምረውለታል፣ የልብሱን ቀለም አድምቀዋል፣ በመጨረሻም በነፃ ያወረዱትን ሰማያዊ ፊልተር በሁሉም ላይ ደርበዋል። ልጁ ሲመታ ስክሪኑ በሙሉ በቀይ በፍጥነት ብልጭ ድርግም እንደሚልም ጠቅሰዋል።

ወደ ደኑ ከመግባቴ በፊት ያንን ብልጭታ ዛሬውኑ ያጥፉት። በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ የሚደጋገም ብልጭታ፣ በተለይ ደማቅ ቀይ ሆኖ ሰፊ ቦታ ሲሸፍን፣ ብልጭታ የሚቀሰቅሰው የሚጥል በሽታ ያለበትን ተጫዋች ሊጥለው ይችላል፤ ተጫዋቹም ሕመሙ እንዳለበት ላያውቅ ይችላል።

ከምልክቶቹ እንደምገምተው ችግሩ የቀለም ምርጫ ሳይሆን የብሩህነት መመሳሰል ነው። የቀለም መምረጫው ላይ «ብራይትነስ» የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ንጹሕ አረንጓዴም፣ ንጹሕ ቀይም፣ ንጹሕ ሰማያዊም እዚያ ላይ 100 ናቸው። ዓይን የሚያየውን ብሩህነት ከ0 እስከ 100 በሚለካው «ላብ» በተባለው መለኪያ ግን አረንጓዴው 88፣ ቀዩ 53፣ ሰማያዊው 32 ገደማ ነው። ዓይናችን ከሁሉም በላይ ለአረንጓዴ አካባቢ ብርሃን ስለሚነቃ፣ ከስክሪን ነጭ ብርሃን ውስጥ 72 በመቶ ያህሉን ብሩህነት የሚሰጠው አረንጓዴው ሲሆን የሰማያዊው ድርሻ 7 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በእርስዎ ደን ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይመልከቱ፦ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 በሚቆጠሩበት የስክሪን ቀለም፣ አረንጓዴው 90፣ ሌሎቹ ዜሮ የሆኑበት ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል በላብ 32 ነው፤ እስከ 255 ድረስ የደመቀ ሰማያዊ የለበሰው ልጅም 32 ነው። በዚህ ላይ ጥቁሩ መስመር ከጨለማው ጋር ይዋሃዳል፤ ፊልተሩም የቀረችውን ጥቂት ልዩነት ያጠብባታል። እንዲህ ያለ በነፃ የሚታደል ፊልተር ስንት መልካም ሥዕል እንዳበላሸ ሳስብ አዝናለሁ።

መስመሩንና ፊልተሩን አንሥተው፣ የፋይሉን ቅጂ አስቀምጠው ይጀምሩ። ከሌየሮቹ (ከተደራረቡት የሥዕሉ ንብርብሮች) ሁሉ በላይ ግራጫ ሌየር ጨምረው ብሌንዲንግ ሞዱን፣ ማለትም ከታቹ ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ፣ «ከለር» ያድርጉት፤ ሥዕሉ ዓይን በሚያየው ብሩህነት ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ የቀለም ሙሌትን ዜሮ በማድረግ ግን አይመርምሩ፣ ያንኑ አሳሳች ቁጥር ሊመልስልዎ ይችላልና። ከዚያ በላብ መለኪያ ቅርቡን ግንድ 15 አካባቢ፣ መካከለኛውን 30፣ ሩቁን 45 አድርገው፣ ሩቁን ወደ ሰማዩ ቀለም እያስጠጉ የውስጥ ንፅፅሩን ይቀንሱ። ልጁ 60 እና ከዚያ በላይ ይሁን፤ በደኑ ውስጥ ያን ያህል የሚበራ ሌላ ነገር አይኑር። አንዳንድ ርካሽ ሞኒተር አንገትዎን ዝቅ ከፍ ባደረጉ ቁጥር ጥላውን ስለሚለውጥ፣ ውጤቱን በስልክም ይዩት።

የሌሊቱ ደን የሚያስፈራ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ደኑን በአንድ የደበዘዘ ሰማያዊ አረንጓዴ ይገድቡትና ሞቅ ያለውን ብርቱካናማ ለልጁ ፋኖስ ብቻ ይተዉለት። በዚያ ቀለም መካከል ተራ ግራጫ እንኳ ወደ ቀይ ያደላ መስሎ ስለሚታይ፣ ትንሿ ፋኖስ ብዙ ሳትደምቅ ዓይን ትስባለች፤ ዙሪያዋ ያለው ጨለማም ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

ልጁ ሲመታ ደግሞ የስክሪኑ ጠርዝ አንድ ጊዜ ብቻ በደብዛዛ ቀይ ቀልቶ በዝግታ ይጥፋ። የሚደጋገመውን ቀይ ብልጭታ በማስተካከያ ገጽ እንደ አማራጭ እንኳ አይተዉት።