«በ2.8 ጂፒኤ ሐኪም መሆን ይቻላል ወይ?»

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አንዲት የ24 ዓመት ልጅ ጽፋልኛለች። ከቤተሰቧ ጋር በዲቪ የመጣችው አሥረኛ ክፍል ሳለች ነው። በባዮሎጂ ተመርቃለች፤ ጂፒኤዋ ግን 2.8 ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ አባቷ ታመው ሥራ ሲያቆሙ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ሺፍት ገባች። በሳምንት 36 ሰዓት። አሁን አንድ የካሪቢያን ሜዲካል ስኩል ተቀብሏታል። እናቷ «እግዚአብሔር የከፈተልሽን በር አትዝጊ» ይሏታል። እሷ ደግሞ «ልሂድ? ኮርሶቼን በሙሉ ልድገም? ወይስ እርግፍ አድርጌ ልተወው?» ትላለች።

እህቴ፣ ከባዱን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ ኤምዲ ትምህርት ቤት (የተለመደውን የሐኪምነት ዲግሪ የሚሰጠው) የሚገቡ ተማሪዎች አማካይ ጂፒኤ 3.8 ገደማ ነው። የኤምካት (የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ውጤታቸው ደግሞ 512 ገደማ። ሌላውን የሐኪምነት ዲግሪ የሚሰጡት ዲኦ (ኦስቲዮፓቲክ) ትምህርት ቤቶች ዘንድ ጂፒኤው 3.6 አካባቢ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ብታመለክቺ ገንዘብሽን ከማባከን በቀር የምታተርፊው የለም። የምመክርሽም ዘንድሮ እንዳታመለክቺ ነው። ተይው ግን አልልሽም።

የላክሽልኝን ትራንስክሪፕት ቁጭ ብዬ መስመር በመስመር አየሁት። አንደኛ ዓመት 3.4። ሁለተኛ ዓመት 2.3። ሦስተኛ ዓመት 2.5። አራተኛ ዓመት 3.0። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሲ፣ ፊዚክስ ዲ፣ ሁለቱም የሌሊት ሥራ በጀመርሽበት ዓመት። ይህን የሚያይ ሰው «ጎበዝ አይደለችም» አይልም። «ይቺን ልጅ ምን አገኛት?» ነው የሚለው። ማመልከቻ የሚያነቡት መምህራንና ሐኪሞችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ቀጥሎ የሚፈልጉት «ያ ነገር ካለፈ በኋላስ ምን ሠራች?» ለሚለው መልስ ነው። ወረቀትሽ ላይ የጎደለው እሱ ነው። ያንን መልስ ደግሞ ኮርስ ወስደሽ ኤ በማምጣት እንጂ በደብዳቤ አትሰጪውም።

እስቲ አብረን እናስላ። 120 ክሬዲት በ2.8 ሲባዛ 336 ነጥብ ነው። አሁን 30 ክሬዲት ወስደሽ ሁሉንም ኤ ብታመጪ 120 ነጥብ ይጨመርልሻል። 456 ለ150 ሲካፈል 3.04። አንድ ሙሉ ዓመት ለፍተሽ የተጨመረልሽ 0.24 ብቻ ነው። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጡት። አንቺ ግን አትቁረጪ። አንደኛ፣ 3.0ን ማለፍ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከዚያ በታች ያለውን ማመልከቻ ሳያነቡ ነው የሚመልሱት። ሁለተኛ፣ የሳይንስ ጂፒኤ ለብቻው ይሰላል። ያንቺ 50 የሳይንስ ክሬዲት በ2.5 ነው። 30ውም የሳይንስ ኮርስ ከሆነ 3.06 ይደርሳል። ሦስተኛውና ዋናው፣ የመጨረሻዎቹ 30 ክሬዲቶች 4.0 ሆነው ሲታዩ የሁለተኛ ዓመትሽ ትርጉም ይቀየራል።

«በሙሉ ልድገም?» ላልሽው መልሴ አይሆንም ነው። ፊዚክሱን ድገሚ፤ ዲ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች አይቀበሉም። ሲ ያመጣሽባቸውን ግን ተያቸውና ከፍ ያሉትን ውሰጂ፦ ባዮኬሚስትሪ፣ ጄኔቲክስ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ። ባዮኬሚስትሪ ኤ ያመጣች ልጅ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ እንደገባት ማንም ይረዳል። ሰዎች «ዲኦ ከሆነ ስትደግሚ የድሮው ውጤት ይሰረዛል» ብለው ይሆናል። ያ ድሮ ነበር። በ2017 ቀርቷል። አሁን በኤምዲም በዲኦም ማመልከቻ ላይ ሁለቱም ውጤት ይቆጠራል።

የት ልማር ካልሽ፣ ፊዚክሱን የሁለት ዓመቱ ሞንጎመሪ ኮሌጅ መውሰድ ትችያለሽ፤ ለኪስም ይቀላል። ከፍ ያሉትን ኮርሶች ግን የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብትወስጂ ይሻላል። የፖስት ባክ ፕሮግራም (ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ለሕክምና ትምህርት የሚያዘጋጅ) ባይኖርም ለዲግሪ ሳትመዘገቢ ኮርስ የሚያስወስዱ አሉ። ለአንድ ዓመት ማስተርስ ብለው ብዙ ሺህ ዶላር የሚያስከፍሉ ፕሮግራሞችም ያጋጥሙሻል። የእነሱ ውጤት ለብቻው ስለሚያዝ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ጂፒኤ ከፍ አያደርገውም። አሁን አያስፈልግሽም።

አንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ከሁለት ኮርስ በላይ አትውሰጂ። መጀመሪያ የጣለሽ ችሎታ ማነስ አይደለም፤ 36 ሰዓት የሌሊት ሥራና 16 ክሬዲት አንድ ላይ መሆናቸው ነው። ያንን ሳታስተካክዪ ብትመለሺ ያው ይደገማል። አሁን አንድ ቢ ማምጣት ምንም አይደለም፤ ሌላ ሲ ማምጣት ግን ይጎዳሻል። እቤት ውስጥ ተነጋገሩ። የቤት ኪራዩን ማን ይሸፍናል? ወደ አገር ቤት የሚላከው ለአንድ ዓመት ሊቀንስ ይችላል? ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ለእኛ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ተናገሪው። አብዛኛው ወላጅ ልጁ ሲወድቅ ከሚያይ ሽሮ እየበላ ቢያሳልፈው ይመርጣል።

ኤምካትን በተመለከተ አትቸኩዪ። ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ነው፤ ፈተናው ከነእረፍቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በአንድ ዓመት ከሦስት ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ከሰባት ጊዜ በላይ መፈተን አይቻልም። የወደቅሽበትም ውጤት ይታያል። ስለዚህ ባዮኬሚስትሪና ፊዚክስ ሳትጨርሺ አትመዝገቢ። የልምምድ ፈተናዎችሽ ደጋግመው የምትፈልጊውን ውጤት ሲሰጡሽ ያኔ ግቢ። ሳይንሱ አያስፈራኝም። እንግሊዝኛን በኋላ የተማሩ ልጆቻችንን የሚጥላቸው የንባብ ክፍሉ ነው፤ እሱ ደግሞ በሁለት ወር ጥናት አይሞላም። ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ሥነ ጥበብ የተጻፈ ከበድ ያለ ጽሑፍ አንብቢ። ስትጨርሺ «ጸሐፊው ምን ለማለት ነው የፈለገው?» ብለሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ገንዘቡ ከከበደሽ ደግሞ ኤምካትን የሚያዘጋጀው ማኅበር የክፍያ ድጎማ አለው። ድጎማው የተከፈለ ገንዘብ ስለማይመልስ ከመመዝገብሽ በፊት ጠይቂ።

ወደ ካሪቢያኑ ልምጣ። እናትሽ ያሉት ከፍቅር ነው፤ የተዘጋ በር ላይ ቆማ ላለቀሰች ልጅ የተከፈተ በር ማየት ደስ ይላል። ግን መግባቱ ቀላል የሆነ ትምህርት ቤት መጨረሱ ቀላል አይደለም። ሬዚደንሲ (ከምረቃ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጥ የሐኪም ሥልጠና) ሲመደብ፣ ከአሜሪካ ኤምዲና ዲኦ ትምህርት ቤቶች ከሚወጡት 100 ተማሪዎች ከ90 በላይ ቦታ ያገኛሉ። ውጭ አገር ከተማሩ አሜሪካውያን ግን 67 ገደማ ናቸው። እነዚህም እስከዚያ የደረሱት ብቻ ናቸው፤ በመንገድ የቀሩት አልተቆጠሩም። ያለ ሬዚደንሲ ደግሞ እዚህ አገር ሐኪም ሆኖ መሥራት አይቻልም። ዕዳው ግን ይቀራል። በዚያ ላይ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደሩ የሕክምና ተማሪዎች የፌዴራል ብድር ጣሪያ በዓመት 50,000፣ በጠቅላላ 200,000 ዶላር ሆኗል። ከዚያ በላይ ከሆነ የግል ባንክ ነው። እዚያ ተምረው የተሳካላቸው ጥሩ ሐኪሞች አሉ፤ አውቃለሁ። ላንቺ ግን የመጨረሻ አማራጭ ይሁን እንጂ የመጀመሪያ አይሁን።

ዲኦን ግን እንዳትንቂ። «ሙሉ ሐኪም አይደሉም» የሚባለው ወሬ ውሸት ነው። በ50ውም ግዛት ሙሉ ፈቃድ አላቸው፤ ከ2020 ጀምሮ የሬዚደንሲ ሥርዓቱም ከኤምዲ ጋር አንድ ሆኗል። ይህንን ለእናትሽም ንገሪያቸው።

ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ቦታ «ሲኤንኤ ብቻ ነው የሠራሁት» ብለሻል፤ የነርስ ረዳት ማለትሽ ነው። ያቺን «ብቻ» አውጫት። ከእጅሽ ካልሆነ አልበላም ስለሚሉት አሮጊት የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሾርባውን ከማጉረስሽ በፊት የማንኪያውን ሙቀት በእጅሽ ጀርባ ለክተሽ ነው። ሌሎች አመልካቾች ሐኪም ቤት ውስጥ ጥቂት ሰዓት ቆመው ለማየት ይለምናሉ። አንቺ አራት ዓመት በሽተኛ አጥበሻል፣ አገላብጠሻል፣ ሌሊት ሲሞት አጠገቡ ነበርሽ። የማመልከቻ ጽሑፍሽ ከዚያ ይጀምር። ስለ ሁለተኛ ዓመትሽ ደግሞ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ አባቴ ታመመ፣ ሌሊት እሠራ ነበር፤ ሥራዬን ቀንሼ የወሰድኳቸው ኮርሶች ውጤት ይኸው። ልመና አይግባበት።

የድጋፍ ደብዳቤም ያስፈልግሻል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከሁለት የሳይንስ መምህራን ይፈልጋሉ። እኛ ደግሞ መምህር ማስቸገር ነውር ይመስለናል። ክፍል ውስጥ ዝም ብለን ኤ አምጥተን እንወጣለን፤ መምህሩ ስማችንን እንኳ አያውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ቢሮው ሂጂ። ያልገባሽን አንድ ጥያቄ ይዘሽ ግቢ። በሚቀጥለው ሳምንትም ተመለሺ።

በእኔ ግምት ሁለት ዓመት ይፈጅብሻል። 26 ዓመት ሲሆንሽ ታመለክቻለሽ። ማመልከቻው የሚከፈተው ሜይ ላይ ነው፤ አንባቢዎቹ በመጣበት ቅደም ተከተል ስለሚያዩት ጁን ሳያልቅ ላኪ።

ለጊዜው ለካሪቢያኑ የመያዣ ገንዘቡን አትክፈዪ። ሰኞ ሥራ ስትገቢ ደግሞ አለቃሽን የቀን ሺፍት መኖሩን ጠይቂያት፤ በሳምንት 20 ሰዓት ከተገኘ ፊዚክስንና ባዮኬሚስትሪን ለመጪው ሴሚስተር እንመዘግባለን። ያለችሽን ጻፊልኝ።