ጫሞ ላይ የተያዘው የ138 ሳንቲ ሜትር ናይል ፐርች ስንት ኪሎ ይሆናል?

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን አንብቤዋለሁ። ጫሞ ሐይቅ ላይ በመንጠቆ የያዙት ናይል ፐርች ርዝመቱ 138፣ የሆዱ ዙሪያ 90 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ጀልባ ነጂው «ከ60 ኪሎ አያንስም» ብሎዎት፣ ሚዛን ስላልነበረ ዓሣውን ሳይመዝኑ መልሰው ለቀውታል። በእኔ ስሌት ዓሣዎ ከ37 እስከ 39 ኪሎ ግራም ነበር። ደስታዎን ለመቀነስ አልፈልግም፤ ዛሬ ዛሬ ጫሞ ላይ ይህን የሚያህል ዓሣ አይቶ የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው። 60 ኪሎ ግን አልነበረም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የዙሪያውን ልክ በራሱ ያባዙ፤ የተገኘውን በርዝመቱ ያባዙ፤ በመጨረሻ ለ28,900 ሲያካፍሉት ክብደቱ በኪሎ ግራም ይመጣል። በእርስዎ ዓሣ 90 በ90 ሲባዛ 8,100፣ እሱ በ138 ሲባዛ 1,117,800፣ ሲካፈል ደግሞ 38.7 ገደማ ይሆናል። 28,900 የሚለው ቁጥር ፈረንጆች በኢንችና በፓውንድ ሲለኩ ለ800 የሚያካፍሉበት የቆየ ቀመር ወደ ሳንቲ ሜትርና ወደ ኪሎ ሲመለስ የሚገኘው ነው። ዓሣውን ከአፉ እስከ ጅራቱ አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ግንድ አድርገን ብናስበው፣ የዓሣ ገላ ክብደት ከውኃ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ማካፈል የነበረብን ለ12,570 ያህል ነበር። ዓሣ ግን ወደ አፉም ወደ ጅራቱም እየቀጠነ ስለሚሄድ ከዚያ ግንድ ውስጥ የሚሞላው 43 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ጀልባ ነጂው ያለው ልክ ይሁን ቢባል፣ ባለ 138 ሳንቲ ሜትሩ ዓሣ 60 ኪሎ እንዲመዝን ዙሪያው 112 ሳንቲ ሜትር መሆን ነበረበት፤ እንዲህ ያለ ናይል ፐርች በበኩሌ አይቼ አላውቅም።

ዝቅተኛውን ግምት 37 ያደረግሁት ርዝመቱን እንዴት እንደለኩት ስላልገለጹ ነው። ብዙ ሰው ሜትሩን በዓሣው ጎን ላይ ያስተኛዋል፤ ሜትሩም የሆዱን ጉብታ ተከትሎ ስለሚሄድ በትልቅ ዓሣ ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። ትክክለኛው መንገድ ሜትሩን በጀልባው ወለል ላይ ዘርግቶ፣ ዓሣውን አፉን ዘግቶ ከላዩ ማስተኛት ነው። እውነተኛው ርዝመት 134 ቢሆን ክብደቱ ወደ 37.6 ይወርዳል። ናይል ፐርች ጅራቱ ክብ ስለሆነ ከጅራቱ ጫፍ ወይስ ከመሐሉ ስንጥቅ ይለካ የሚለው ክርክር እዚህ አያስፈልግም።

ከርዝመቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ዙሪያው ነው፤ ምክንያቱም በራሱ ስለሚባዛ፣ በዙሪያው ላይ የተሠራ ስሕተት በክብደቱ ላይ እጥፍ ያህል ሆኖ ይመጣል። እኔም በዚሁ ተሞኝቻለሁ። አንድ ጊዜ ሜትር ረስቼ ስለወጣሁ፣ 116 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ዓሣ ዙሪያ በማጥመጃው የናይለን ክር ለካሁ። በዓሣው ላይ ስጠመጥመው ክሩን ላላ አድርጌ ነበር፤ ከወጣን በኋላ በማስመሪያ ላይ ስዘረጋው ግን ወጥሬ ሳብኩት። 80 ሳንቲ ሜትር ሆነና በስሌቴ መሠረት «26 ኪሎ ነው» ብዬ አወራሁ። ዓሣው በሚራገፍበት ዳርቻ በገበያ ሚዛን ሲሰቀል 22 ሆነ፤ በልብስ ሰፊ ሜትር እንደገና ስንለካው ደግሞ ዙሪያው 74 ነበር። ናይለን ሲወጠር እንደሚረዝም ማን ያጣዋል? ከዚያ ወዲህ የማይሳብ የጥጥ ሲባጎ በኪሴ እይዛለሁ፤ ከፊተኛው የጀርባ ክንፍ ሥር፣ ሰውነቱ እጅግ በወፈረበት ቦታ አዞረውና ሆዱን ሳልጫነው ሲባጎው የተገናኘበትን በጥፍሬ ይዤ አስራለሁ። ይህን ሁሉ ግን በጀልባው ውስጥ ሆነው ያድርጉት፤ ጫሞ የአዞና የጉማሬ ሐይቅ ስለሆነ ለፎቶም ለልኬትም ብሎ ውኃ ውስጥ መቆም አይገባም።

ስለላኩት ፎቶ አንድ ነገር ልጨምር። ዓሣውን ክንድዎን ወደ ካሜራው ዘርግተው ስለያዙት ከእርስዎ ደረት የበለጠ ሰፍቶ ይታያል፤ ጀልባ ነጂው የገመተው በዓይኑ ቢሆንም፣ «እንዲያውም 70 ነው» ያሉት ሌሎች ሰዎች የፈረዱት በዚህ ፎቶ ነው። ዓይን የሚያየው ርዝመትን ሲሆን፣ የሰውነቱ ቅርጽ ሳይለወጥ ርዝመቱ በ10 ከመቶ ቢጨምር ክብደቱ በ33 ከመቶ ያድጋል፤ ስለዚህ በዓይን የሚገመት ትልቅ ዓሣ ብዙውን ጊዜ አብጦ ይነገራል።

ክብረ ወሰን የሚመዘግበው ዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ አጥማጆች ማኅበርም በቀመር የተገመተ ክብደትን አይቀበልም፤ ማዕበል የሚዛኑን ቀስት ስለሚያዘልለው በጀልባ ላይ የተመዘነንም አይቀበልም። እዚያ የተመዘገበው ትልቁ ናይል ፐርች በግብፅ ናስር ሐይቅ በ2000 እ.ኤ.አ. የተያዘው 104.32 ኪሎ ግራም የሆነው ነው።

ለወደፊቱ ከቀመሩ ይልቅ የራስዎን አካፋይ ቢያወጡ ይሻላል። ዳርቻ ላይ ከአጥማጆች የሚገዙትን ዓሣ፣ ሆድ ዕቃው ሳይወጣ፣ ርዝመቱንና ዙሪያውን ለክተው ያስመዝኑት፤ ከዚያ ዙሪያውን በራሱና በርዝመቱ አባዝተው ለክብደቱ ያካፍሉት። ያ የእኔ ባለ 22 ኪሎ ዓሣ 28,870 ገደማ ሰጥቶኛል። አምስት ስድስት ዓሣ ከለኩ በኋላ አማካዩን ይጠቀሙ። አምባዛ ከያዙ ግን ይህን ቁጥር አይውሰዱ፤ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ፣ ገላው ረጅም ስለሆነ ለእርሱ ሌላ አካፋይ በተመሳሳይ መንገድ ማውጣት ያስፈልግዎታል።