የተጎዳ የጀልባ ጄልኮት እንዴት ይጠገናል? ጥያቄና መልስ

የፋይበርግላስ ጀልባ ስላላቸው ሰዎች ችግር፣ በተለይም ጄልኮት ስለሚባለው የውጭ ልባስ ጭረት፣ ስንጥቅና መላጥ፣ የመጡትን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ጠቅልያቸዋለሁ። ስለ ቀለም ማመሳሰል የጠየቁት ብዙዎች ናቸው፤ ጄልኮቱ ለምን እንደተሰነጠቀ የጠየቁት ግን ጥቂት ናቸው። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ነበረበት፤ ስለዚህ ቀለሙን ወደ ኋላ አቆይቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጄልኮት ቀለም ነው? ጭረት ሲያገኘው ለምን ቀለም ቀብተን አንገላገልም?

መልስ፦ ቀለም አይደለም። ማቅለሚያ የተደባለቀበት ፖሊስተር ሬዚን፣ ማለትም ሲጠነክር ፕላስቲክ የሚሆን ፈሳሽ ነው። ጀልባው ሲሠራ ወደ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚረጨው ጄልኮት ነው፤ የመስታወት ክሩና ሬዚኑ ከኋላው ይደረባሉ። ጀልባው ከቅርጽ ማውጫው ሲላቀቅ መጀመሪያ የተረጨው ንጣፍ ውጭ ይሆናል፤ ልስላሴውንም ከዚያው ይወርሳል። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀለም አብዛኛውን ጊዜ የዚህን ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ጭረት ላይ ቢቀባ ጭረቱን ያቀልመዋል እንጂ አይደፍነውም።

ጥያቄ፦ በጀልባዬ ጎን፣ የገመድ ማሰሪያው ብረት በብሎን በታሰረበት ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ወጥቷል። ሞላሁት፣ ተመልሶ መጣ፤ እንደገና ሞላሁት፣ እንደገና መጣ። የገዛሁት ጄልኮት መጥፎ ይሆን?

መልስ፦ ጄልኮቱን አይውቀሱት። ጄልኮት ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ክር ስለሌለው መታጠፍ አይችልም። ከሥሩ ያለው ፋይበርግላስ ሲተጣጠፍ አብሮት መሄድ ያቅተውና ይሰነጠቃል። አዲስ ጄልኮት ቢያለብሱትም የሚተጣጠፈው ነገር መተጣጠፉን አላቆመም።

የስንጥቁ መልክ ምክንያቱን ይናገራል። ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በየአቅጣጫው ከተበተነ አንድ ነገር ገጭቶታል። ጎን ለጎን በተሰለፉ መስመሮች ከወጣ፣ በተለይ ከውስጥ ያለው መከፋፈያ ግድግዳ ወይም ማጠናከሪያ አግዳሚ በሚያልፍበት ቦታ ከሆነ፣ የጀልባው ገላ በዚያ ጠንካራ መስመር ላይ እየታጠፈ ነው። በብሎን ዙሪያ ከሆነ፣ እንደ እርስዎ ማለት ነው፣ ብሎኑ የሚሸከመው ኃይል በጠባብ ቦታ ላይ እያረፈ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ብረቱን ይፍቱ። አካባቢውን በትንሽ መዶሻ ወይም በሳንቲም ቀስ ብለው ያንኳኩ። ጤነኛው ክፍል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ንጣፎቹ ተላቀዋል ወይም እርጥበት ገብቷል፤ ያ ደግሞ ከጄልኮት ያለፈ ሥራ ነው። ድምፁ ጤነኛ ከሆነ ከውስጥ በኩል ኃይሉን የሚያሰራጭ ሰፊ የብረት ወይም የፋይበርግላስ ዝርግ ይደግፉበት። የብሎኑን ቀዳዳ አፍም በትንሹ ሰፋ አድርገው ይጥረቡት፤ ብሎኑ ሲጠብቅ የጄልኮቱን ጠርዝ እንዳይነካ። ይህችን ትንሽ ሥራ ብዙ ሰው ይዘላታል።

ስንጥቁን መሙላት ከዚህ በኋላ ነው። እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ውስጥ ወፍራም ጄልኮት አይገባም፤ ከላይ ድልድይ ይሠራና አየር ከሥሩ ይቀራል። በሹል መፋቂያ ወይም በትንሽ የእጅ መፍጫ ማሽን የስንጥቁን መስመር አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ አድርገው ይክፈቱት፤ መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ። በ80 ወይም በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን ያሻክሩ። የደረቀ ፖሊስተር ላይ አዲሱ የሚይዘው በሻካራነቱ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ገጽ ላይ የተቀባ ጄልኮት ጊዜውን ጠብቆ ይላጣል።

ጥያቄ፦ ከመፈግፈግ በፊት በአሴቶን መጥረግ ግዴታ ነው? እኔ ከፈገፈግሁ በኋላ ነው የምጠርገው።

መልስ፦ ሁለቱም ጊዜ። አሮጌ ጀልባ ሰም ተቀብቶ ኖሯል። ሰሙ ሳይነሣ ብርጭቆ ወረቀት ካሳረፉበት ሰሙን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ያስገቡታል፤ ከዚያ በኋላ ማስወጣቱ ከባድ ነው። በአንዱ ጨርቅ አሴቶኑን ይቀቡ፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ያንሡ። በአንድ ጨርቅ ብቻ ማሸት ሰሙን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ነው።

ጥያቄ፦ ጭረቱ ወደ ፋይበርግላሱ መድረሱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በውሃ ያርጥቡትና በብርሃን ይመልከቱ። ክር ወይም የጨርቅ ሽመና ከታየ ጄልኮቱ አልቋል። ጥፍርዎ የማይሰናከልበት ጭረት ከሆነ መሙላትም አያስፈልገውም፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና በመወልወያ ክሬም ይጠፋል።

ጥያቄ፦ የሞላሁት ቦታ ሁለት ቀን ሆኖት አሁንም ይጣበቃል። ፍቄ ልጣለው?

መልስ፦ አይቸኩሉ። መጣበቅ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች አሉት፤ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው። አሴቶን በነካ ጨርቅ ላዩን ይጥረጉት። ከሥሩ ጠንካራ ሆኖ ካገኙት ችግሩ አየር ነው፤ ፖሊስተር ሬዚን ኦክስጅን በሚነካው ገጽ ላይ መጠንከሩን አይጨርስም። በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲረጭ አየር አያገኘውም፤ ጥገና ላይ ግን ፊቱ ገላጣ ነው። ለዚህም ነው ጄልኮት በሁለት ዓይነት የሚመጣው፤ አንደኛው ሰም የሌለው፣ ሁለተኛው ሲጠነክር ወደ ላይ እየተንሳፈፈ ገጹን የሚሸፍን ሰም ያለበት። ሰም የሌለውን ተጠቅመው ከሆነ ላዩን ጠርገው መፈግፈግ ይችላሉ። ለሚቀጥለው ጊዜ ለመጨረሻው ንጣፍ የሰም መጨመሪያ ያስገቡበት፤ ወይም ገና እርጥብ እያለ ለስላሳ የፕላስቲክ ወረቀት አጥብቀው ይለጥፉበት፤ ወይም መያዝ ሲጀምር ፒቪኤ የተባለውን በውሃ የሚታጠብ ፈሳሽ ይርጩበት። ለትንሽ ቦታ ፕላስቲኩን እመርጣለሁ፤ ገጹንም አስተካክሎ ስለሚተው መፈግፈጉ ይቀንሳል።

ጥርጊያው ጄልኮቱን እስከ ታች እንደ ማስቲካ ካወጣው ግን ከጄልኮቱ ጋር የሚቀላቀለው ማጠንከሪያ አንሷል፣ በደንብ አልተማሰለም፣ ወይም ብርድ ነበር። ጥቂት ሙቀት ሰጥተው አንድ ቀን ይጠብቁት፤ ካልተለወጠ ሙሉ በሙሉ ይፋቁት። በላዩ ላይ ጥሩ ጄልኮት መደረብ ከሥር ያለውን አያድነውም።

ጥያቄ፦ ማጠንከሪያውን በጠብታ እቆጥራለሁ፤ ስንት ጠብታ ልጨምር?

መልስ፦ ጠብታ መቁጠር ይተዉ፤ የጠብታ መጠን እንደ ጠርሙሱ አፍ ይለያያል። ግራምን በአሥርዮሽ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ይያዙ። የተለመደው መጠን ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለ50 ግራም ጄልኮት ከግማሽ እስከ አንድ ግራም ማለት ነው። ትክክለኛውን የቆርቆሮው መመሪያ ይነግርዎታል። ከ30 ግራም በታች ከቀላቀሉ ትንሿ ስሕተት ትልቅ ትሆናለችና ቢተርፍም ከፍ አድርገው ይቀላቅሉ። የጽዋውን ጎንና ታች እየፋቁ ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ያማስሉት። ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አይሥሩ፤ ብርዱን በማጠንከሪያ ብዛት ለማካካስ መሞከር ጄልኮቱን ተሰባሪ ያደርገዋል፣ ቀለሙንም ይለውጣል። በቀጥታ ፀሐይ የጋለ ገላ ላይም አይሥሩ።

እዚህ ላይ ያልተጠየቅሁትን ልጨምር። ማጠንከሪያው ኤምኢኬፒ ይባላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። ጠርሙሱን ከመክፈትዎ በፊት ዙሪያውን የሚዘጋ መነጽር ያድርጉ፤ ከነካዎት ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ ይታጠቡና ወደ ሐኪም ይሂዱ። ኮባልት የተባለው ማፋጠኛ ለብቻው በጠርሙስ ካለዎት ከኤምኢኬፒ ጋር በቀጥታ ፈጽሞ አያገናኙት፤ ይፈነዳል። የሬዚኑን ትነት የአቧራ ጭንብል አያግደውም፤ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማጣሪያ ያስፈልጋል። በጽዋ የተረፈው ድብልቅ እየጋለ ሊያጨስ ስለሚችል ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይክተቱት፤ ጠንክሮ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ውጭ፣ በማይቃጠል ነገር ላይ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ የጀልባዬ አፍንጫ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ወደ ክሩ የዘለቀ ጉድጓድ አለበት። ጉድጓዱን በሙሉ በጄልኮት መሙላት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ወፍራም ጄልኮት ሲጠነክር ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃልም። ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ የሚያልፍ ጉድጓድ መጀመሪያ በሌላ ነገር መሞላት አለበት። ክሩ ካልተበጠሰ የፖሊስተር ወይም የዘመዱ ሬዚን የቪኒልኤስተር ስቱኮ ይበቃል። ክሩ ከተበጠሰ ግን ስቱኮ ጥንካሬ አይመልስም። የተሰባበረውን ቆርጠው እስከ ጤነኛው ይድረሱ፤ ጠርዙን በ12 ለ1 ዝንባሌ ያሳሱ፣ ማለትም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ገላ በየአቅጣጫው 36 ሚሊ ሜትር ያህል። ከዚያ የመስታወት ጨርቁን በመጠን በመጠን እየቆረጡ በሬዚን ይደርቡ፤ ለጄልኮቱ የሚሆን ቦታም ያስቀሩ።

ጥያቄ፦ ኢፖክሲ የተባለው ሌላ ዓይነት ሬዚን ከፖሊስተር ይበልጣል ሲባል እሰማለሁ። ለምን በእርሱ አልሞላውም?

መልስ፦ በመያዝ ኃይሉ ይበልጣል፤ አልከራከርም። ችግሩ በላዩ የሚመጣው ነው። ፖሊስተር ጄልኮት ኢፖክሲ ላይ እንደ ወንድሙ ላይ አይዝም፤ ኢፖክሲው በሚገባ ካልጠነከረ፣ ላዩ ላይ የሚቀረው ሰም መሰል ቅባት በውሃ ካልታጠበና በ80 ቁጥር ካልተፈገፈገ ጭራሽ ይላቀቃል። በጄልኮት ለሚያልቅ ሥራ ቪኒልኤስተርን፣ በቀለም ለሚያልቅ ወይም ውሃ ውስጥ ለሚውል ኢፖክሲን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ከውሃ በታች ባለው ክፍል ላይ ትንንሽ እብጠቶች አሉ። አንዱን ስወጋው ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ወጣ።

መልስ፦ ውሃ በጄልኮቱ ውስጥ ቀስ እያለ ሰርጎ፣ ከሥሩ የቀሩትን የሚሟሙ ነገሮች አሟሙቶ፣ ያ ድብልቅ ተጨማሪ ውሃ እየሳበ የፈጠረው ግፊት ነው። ሌሎቹን ሲወጉ መነጽር ያድርጉ፤ ፈሳሹ ይፈናጠራል። ጥቂት እብጠት ጀልባ አያሰምጥም፤ ስለዚህ አይደናገጡ፤ ጄልኮት ግን እዚያ ላይ አይመልሱበት። እያንዳንዱን ይክፈቱ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ይጠቡ፣ ከዚያ ያድርቁ። ማድረቁ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ግልጽ ፕላስቲክ ቆርጠው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉበት፤ ከውስጡ ጤዛ ካዩ ገና ነው። ሲደርቅ በኢፖክሲ ስቱኮ ሞልተው ውሃ የሚከለክል የኢፖክሲ ቅብ ደጋግመው ያልብሱት።

ጥያቄ፦ ነጭ ጄልኮት ገዝቼ ነጭ ጀልባዬ ላይ ቀባሁ። ከሩቅ ይታያል!

መልስ፦ ነጭ ጀልባ ነጭ አይደለም። ከፋብሪካ ሲወጣም ጥቂት ቢጫ፣ ቡኒ ወይም ጥቁር ነበረበት፤ ፀሐይ ደግሞ የራሷን ጨምራለች። ከጉዳቱ አጠገብ ያለውን ገጽ መጀመሪያ በመወልወያ ክሬም ያጽዱ፤ የሚያመሳስሉት ከዚያ ጋር እንጂ ከደበዘዘው ጋር አይደለም። ማቅለሚያውን በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ፣ በጣም በጥቂቱ ይጨምሩ። ጥቁር ከገባ ተመልሶ አይወጣም። ማጠንከሪያ ሳይገባበት አንዷን ጠብታ በጸዳው ገጽ ላይ ያድርጉና በቀን ብርሃን ያወዳድሩ፤ ከዚያም ይጥረጉት። የተቃረበ ሲመስልዎት ትንሽ ናሙና በማጠንከሪያ አጠንክረው እንደገና ይመልከቱ፤ ሲጠነክር ቀለሙ ጥቂት ይለወጣልና። የማቅለሚያው ብዛት ከክብደቱ 10 በመቶ እንዳይሻገር፤ መጠንከሩን ያውካል። የተስማማዎትን ድብልቅ አብዝተው፣ ያለ ማጠንከሪያ፣ በተከደነ ዕቃ ያስቀምጡ።

ፍጹም መመሳሰልን የሚጠብቅ ሰው ግን ጀልባው ላይ ሳይሆን ጥገናው ላይ ሊኖር ነው። ከሁለት ሜትር ርቀት የማይታይ ከሆነ እኔ ብርጭቆ ወረቀቴን እሰበስባለሁ።

ጥያቄ፦ ፈግፍጌ ስጨርስ በጥገናው ዙሪያ ጥላ የመሰለ ክብ ይታየኛል።

መልስ፦ ዙሪያውን አብዝተው ፈግፍገዋል። ጄልኮቱን ከገላው ትንሽ ከፍ አድርገው ይሙሉት፤ ሲጠነክር ስለሚሰበሰብ ዕድል ይስጡት፤ ቢያድር ይሻላል። በጣት ሳይሆን በጠንካራ ጣውላ ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት ይሥሩ፤ ጤነኛውን ገጽም በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። ጥገናው ላይና ጠርዙ ላይ በእርሳስ ይሞነጫጭሩ፤ የጥገናው ምልክት ጠፍቶ የጠርዙ መንካት ሲጀምር ፕላስተሩን አንሥተው ወደ ደቃቁ ይሂዱ። ከ320 ወደ 400፣ 600፣ 800፣ 1000፣ ከዚያ 1500፣ ከ400 ጀምሮ በውሃ። ቁጥር መዝለል ጊዜ አይቆጥብም፤ የዘለሉት ጭረት በውልወላ ጊዜ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ጀልባው በሙሉ ደብዝዞ፣ ሲነኩት እጅ ላይ ነጭ ዱቄት ይቀራል። ሁሉንም እንደ አዲስ ጄልኮት ላድርገው?

መልስ፦ መጀመሪያ ክንድ በማታህል ቦታ ላይ መወልወያ ክሬም ይሞክሩ። አብዛኛው ዱቄት የሆነ ጄልኮት ከሥሩ ጤነኛ ነው፤ ውልወላና ሰም ይመልሰዋል። ጄልኮቱ ከሳሳ ደግሞ ባለሁለት ድብልቅ የፖሊዩሬቴን ቀለም ይሻላል። ከቅርጽ ማውጫ ውጭ የተረጨ ጄልኮት ገጹ ሻካራ ሆኖ ስለሚወጣ ጀልባውን በሙሉ መፈግፈግ ይጠይቃል፤ ለዚያ የሚበቃ ትዕግሥት ያለው ሰው ብዙ አላየሁም። ቀለሙን በሮለርና በብሩሽ ይቀቡት፤ ሲረጭ የሚወጣው፣ በቀለሙ ማጠንከሪያ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ብናኝ ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ መርጨቱን ንጹሕ አየር ከውጭ የሚቀርብለት ባለሙያ ይሥራው።

ጥያቄ፦ ጥገናው ካለቀ በኋላ መቼ ውሃ ላይ ላውጣው?

መልስ፦ ጥፍርዎን ሲጫኑበት ምልክት ካልተወ፣ የሬዚኑም ሽታ ከጠፋ፣ ሰም ቀብተው ያውጡት። በሞቃት ቀን በማግስቱ ይደርሳል፤ ቀዝቀዝ ካለ ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቁ።