ሦስተኛ ጀነሬሽን አይ5 ወይስ አራተኛ ጀነሬሽን አይ3?

አንዲት እህታችን ከደሴ እንዲህ ስትል ጠይቃለች፦ «ሰላም ለእርስዎ። የጽሕፈትና የፎቶ ሥራ ቤት ልከፍት ነው። ሁለት ያገለገሉ ዴስክቶፖች አግኝቻለሁ። አንዱ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-3470። ሌላው ኦፕቲፕሌክስ 3020፣ ኮር አይ3-4130። ሁለቱም 8 ጊጋ ራምና 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ አላቸው። ሻጩ ‹ሁለቱም ባለ አራት ናቸው፣ ግን ይሄኛው አራተኛ ጀነሬሽን ነው፣ ፍጥነቱም 3.4 ነው› ብሎ 3020ውን በ2,500 ብር አስበልጦ ይጠራዋል። ሥራዬ ወርድ፣ ፎቶሾፕ፣ ስካንና ኦንላይን ፎርም መሙላት ነው። ማታ ማታ ደግሞ ፒችትሪ ላይ የሰው ሒሳብ እሠራለሁ። የቱን ልውሰድ?»

7010ን ውሰጂ፣ አይ5ቱን። የተረፈሽን 2,500 ብር ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር፣ ፈጣን ዲስክ) መግዣ ላይ ጨምሪው። ከቸኮልሽ መልሱ ይሄው ነው። ጊዜ ካለሽ ግን ምክንያቱንም አንብቢ፣ ነገ ሌላ ሱቅ ስትገቢ ሌላ ቁጥር ይጠብቅሻልና።

ሻጩ አልዋሸሽም። የነገረሽ ሁሉ እውነት ነው፣ ጉዱ ያለው ሳይነግርሽ የዘለለው ላይ ነው። አይ3-4130 በእርግጥም አራተኛ ጀነሬሽን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ። አይ5-3470 ሦስተኛ ነው፣ የ2012። የዕድሜ ልዩነታቸው አንድ ዓመት ከምናምን ቢሆን ነው። እኛ አገር ግን ጀነሬሽን የሚባለው ነገር እንደ መኪና ሞዴል ተይዞ ቀረ፣ ሱቄ የሚመጣው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንተኛ ነው?» ብሎ ነው፣ አይ3 ይሁን አይ5 ይሁን ፔንቲየም ይሁን ከዚያ በኋላ ነው ትዝ የሚለው።

«ባለ አራት» የሚለውን እንየው። ዲኤክስዲያግ የሚባለውን የዊንዶውስ መረጃ መስኮት ብትከፍቺ ሁለቱም ማሽኖች ላይ 4 ሲፒዩ ብሎ ይጽፍልሻል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው። አይ5ቱ አራት እውነተኛ ኮር፣ ማለትም ሥራውን የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል፣ አለው። አይ3ቱ ያለው ሁለት ነው። ሃይፐር ትሬዲንግ በሚባል ዘዴ እያንዳንዱ ኮር ለዊንዶውስ ሁለት መስሎ ይታያል፤ አንዱ ሥራ ዳታው ከራም እስኪመጣለት ሲጠብቅ ኮሩ ባዶውን ከሚቀመጥ ሌላውን ሥራ ይቀጥላል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ይጠቅማል። ግን አንዲት ጋጋሪ በሁለት ምጣድ እያፈራረቀች ብትጋግር ከአንድ ምጣድ ይሻላታል እንጂ ሁለት ጋጋሪ አትሆንም።

3.4 ጊጋኸርዝ የሚለውም እንደዚያው ነው። የአይ3ቱ 3.4 ቋሚ ነው፣ ከዚያ በላይ አይወጣም። የአይ5ቱ 3.2 ግን መነሻው ነው፤ ቱርቦ አለው፣ ሥራ ሲጫነው እስከ 3.6 ይወጣል። አራተኛው ጀነሬሽን በዲዛይኑ ትንሽ ስለተሻሻለ በእኩል ጊጋኸርዝ ትንሽ ይቀድማል፣ እውነት ነው። ያቺን ብልጫ ግን የአይ5ቱ 3.6 ያካክሳታል። ስለዚህ አንድ ኮር ብቻ በሚጠቀም ሥራ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጪ ልዩነታቸውን በዓይንሽ አታዪውም። ሥራው ሁሉንም ኮር ሲጠይቅ ግን አይ5ቱ በአንድ ሦስተኛ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይበልጣል። ውስጡ ያለው ካሽ ሚሞሪም (ፕሮሰሰሩ ቅርብ የሚይዘው ፈጣን ማስታወሻ) 6 ሜጋባይት ነው፣ የአይ3ቱ 3።

ወደ ሥራሽ ስንመጣ፣ ለወርድና ለስካን የትኛውም ይበቃል፣ እሱ ላይ አንከራከር። ፎቶሾፕ ላይ ነው ነገሩ። አንዱን ደንበኛ ጉርድ ፎቶ እያስተካከልሽለት፣ ክሮም ላይ የሌላዋ የፓስፖርት ማመልከቻ ተከፍቶ፣ ቴሌግራም ፋይል እያወረደ፣ ፕሪንተሩ ትልቅ ፎቶ እየተቀበለ፣ አንቲቫይረሱም ከኋላ የራሱን ሥራ ሲጀምር፣ ሁለት ኮር ያለው ማሽን መንቀራፈፍ ይጀምራል፤ ባለ አራቱ ግን ይችለዋል። ፒችትሪ በአንጻሩ የድሮ ፕሮግራም ነው፣ ብዙ ኮር መጠቀም አያውቅበትም። እሱን የሚያፈጥንልሽ ዲስኩ ነው። ሪፖርት ስታወጪ የምትጠብቂው ጊዜ በአብዛኛው ፕሮሰሰሩ ሲያስብ ሳይሆን ያ ሃርድ ዲስክ ሲሽከረከር ነው።

ለዚህ ነው ኤስኤስዲ ያልኩሽ። 240 ወይም 256 ጊጋ ያለው ተራው ሳታ (በተለመደው የዲስክ ኬብል የሚሰካው) ይበቃሻል፣ ውድ አትፈልጊ። ሃርድ ዲስክ ላይ የተጫነ ዊንዶውስ ያለው አይ5፣ ኤስኤስዲ ካለው አይ3 ጋር ሲወዳደር በመክፈቻም በዕለት ሥራም የሚንቀራፈፈው አይ5ቱ ነው። 7010 ላይ ሲገጠም ሳታ 0 ተብሎ የተጻፈበት ሶኬት ላይ ይሰካልሽ፣ ከሶኬቶቹ በግማሽ ፍጥነት የሚሠራ ስላለ።

አይ3ቱ የሚበልጥበት ቦታ የለም ወይ? አለ። የግራፊክስ ክፍሉ ኤችዲ 4400 ነው፣ 20 ማቀነባበሪያ አሃድ አለው፤ የአይ5ቱ ኤችዲ 2500 ደግሞ 6 ብቻ ነው። ጌም ልትጫወቺ ከሆነ ልዩነቱ ይታያል፣ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ግን ምንም አያደርግልሽም። ኤቪኤክስ2 የሚባል የትእዛዝ ስብስብም አይ3ቱ ላይ አለ፣ አይ5ቱ ላይ የለም፤ አንዳንድ አዳዲስ የቪዲዮ ፕሮግራሞች እሱ ከሌለ አይነሱም። የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ካሰብሽ ሁለቱንም ተያቸው። ኃይል ላይ የአይ3ቱ ጣሪያ 54 ዋት ነው፣ የአይ5ቱ 77። ይሄ ሥራ ሲበዛ ነው እንጂ ማሽኑ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ሁለቱም ብዙ አይበሉም፣ ዩፒኤስሽ ልዩነቱን እምብዛም አያውቀውም።

«አዲስ ስለሆነ ወደፊት ይቆያል» የሚሉሽን ደግሞ አትስሚ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚፈቅደው ከኢንቴል ስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው፣ ስለዚህ ሦስተኛውም አራተኛውም እኩል ውጪ ናቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። የቱንም ብትወስጂ የደንበኛ መረጃ ስለምትይዢበት አንቲቫይረስና መጠባበቂያ ቅጂ የግድሽ ነው።

አሁን ከፕሮሰሰሩ ወጣ እንበል፣ ምክንያቱም የምትገዢው ሙሉ ማሽን ነው። 7010 አራት የራም ቦታ አለው፣ 3020 ሁለት። ያለሽ 8 ጊጋ በሁለት ባለ 4 የተሞላ ከሆነ 7010 ላይ ሁለት ትጨምሪያለሽ፣ 3020 ላይ ግን ነቅለሽ መጣል አለብሽ። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት አገር ደግሞ ቶሎ የሚቃጠለው ፓወር ሰፕላይ ነው። የ7010 ማዘርቦርድ የተለመደውን ባለ 24 ፒን ሶኬት ነው የሚቀበለው፤ ቁሙ ኬዝ ከሆነ ከማንኛውም ሱቅ ገዝተሽ ትገጥሚለታለሽ። 3020 ግን የዴል የራሱ ባለ 8 ፒን ነው፣ የራሱን ወይ መቀየሪያ ኬብል ፍለጋ ትንከራተቻለሽ። ጠፍጣፋው ኬዝ ከሆነ የሁለቱም ፓወር ሰፕላይ ቅርጹ ልዩ ስለሆነ ቁሙን ብታገኚ እመርጥልሻለሁ።

ዋጋው ተገልብጦ 3020ው በ2,500 ብር ቢረክስ ኖሮ ትንሽ አስብበት ነበር። ወደፊት አይ3ቱን አውጥተሽ አይ5-4570 ወይም አይ7-4770 ልትተኪበት ትችያለሽ፣ ያን ጊዜ 3470ን ትበልጫለሽ። አሁን ባለው ዋጋ ግን ለደካማው ብዙ ከፍለሽ እንደገና ፕሮሰሰር መግዛት አያዋጣም።

ሳትከፍዪ በፊት ሱቁ ውስጥ እንዳለሽ አስነሽው። ኬዙ ላይ ያለውን ስቲከር አትመኚ፣ በቀላሉ ይለጠፋል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነሽ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈቺ። ስሙ 3470 ሊል፣ ኮር በሚለው ፊት ለፊት 4 ሊጻፍ ይገባል። 2 ካለ ሌላ ዕቃ ነው። ዊንዶውሱ 32 ቢት ከሆነ 8 ጊጋ ራምሽን በሙሉ አይጠቀምበትም፣ 64 ቢት አድርገህ ጫንልኝ በዪው። ሲነሣ ኤፍ2 ተጫኚና ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ግቢ፤ ፓስወርድ ከጠየቀሽ ከመሥሪያ ቤት ሳይጠፋለት የወጣ ማሽን ነው፣ እዚያው ሻጩ ያጥፋልሽ። ሰዓትና ቀኑ ወደ ኋላ ከሄደ ትንሿ ሲአር2032 ባትሪ ናት፣ ርካሽ ናት፣ አያስፈራም። ማሽኑ ከጮኸ ወይም ከጋለ አቧራውን አስጠርገሽ የፕሮሰሰሩን ፓስታ (ሙቀቱን የሚያስተላልፈውን ቅባት) አስቀይሪ፣ በእነዚህ ዕድሜዎች ደርቆ ነው የሚገኘው፣ ከጋለ ደግሞ ያ 3.6 የተባለው ፍጥነት ላይ አይቆይልሽም።

500 ጊጋውን ሃርድ ዲስክ አትመልሺለት። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጤናውን እይውና ደህና ከሆነ እዚያው ሁለተኛ ዲስክ ሆኖ ይቀመጥ፣ የደንበኞችሽን ፎቶና የፒችትሪውን መጠባበቂያ ቅጂ እዚያ ላይ ታስቀምጫለሽ።